ለድንቡሼ ቤት ፍለጋ

አሳማዬ ድንቡሼ ቤቴ የገባችው በጫማ ካርቶን ነው። የወጣችው ደግሞ በጭነት መኪና። በመካከሉ አራት ዓመት አለ። ይህን የምጽፈው አሳማ አሳድገው ማቆየት ላቃታቸውና ለማን እንደሚሰጡ ግራ ለገባቸው ሰዎች ነው። እኔም እዚያው ጭንቀት ውስጥ ነበርኩ። የመጀመሪያውን ሙከራ አበላሽቼዋለሁ። ሁለተኛው ተሳክቶልኛል። ከዚያ ወዲህ ለሌሎች ሰዎች አሳማዎችም ቤት በማፈላለግ አግዣለሁ።

ከመጠኗ ልጀምር። የሸጠልኝ ሰው "ከድመት ብዙም አትበልጥም" አለኝ። እንዳምነው እናቷን አሳየኝ። እውነትም ትንሽ ናት። ያልነገረኝ እናትየው ራሷ ገና ልጅ መሆኗን ነው። ሴት አሳማ ዓመት ሳይሞላት ትወልዳለች፤ ሰውነቷ ግን ሦስት አራት ዓመት እስኪሆናት ማደጉን አያቆምም። ስለዚህ ግልገል ስትገዙ "እናቷን አይቻለሁ" ማለት ምንም ማለት አይደለም። "ሚኒ" ወይም "የሻይ ኩባያ" የሚሉት ስም የሻጭ ስም ነው እንጂ የዝርያ ስም አይደለም። ጀርመን ውስጥ በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለምርምር ተብለው ትንሽ እንዲሆኑ የተዳቀሉት እንኳ ሲያድጉ ከ30 ኪሎ ያልፋሉ። ብዙ ሰው ቤት የሚገኘው ቦርጫሙ የቬትናም አሳማ ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ወደ ካናዳ ሲገባ ታስቦ የነበረው ለእንስሳት መጎብኛ ፓርኮች ነበር። ወደ ሰው ቤት የዘለቀው ከዚያ በኋላ ነው። እሱም ሲያድግ ከ45 እስከ 90 ኪሎ ይደርሳል። ዕድሜው ደግሞ ከ12 እስከ 20 ዓመት ነው። ድንቡሼ ገና በአራት ዓመቷ ቤት ስፈልግላት ከፊቷ ብዙ ዘመን ነበራት።

አሁን ሰው ደውሎ "የሚወስድልኝ አጣሁ" ሲለኝ ቀድሜ የምጠይቀው ክብደቱን ነው። ብዙዎቹ አያውቁትም። ሚዛን አያስፈልግም፤ ልብስ ሰፊ የሚለካበት ሜትር ይበቃል። ከፊት እግሮቿ ወዲያው ኋላ የደረቷን ዙሪያ ለኩ። ቀጥሎ ከሁለቱ ጆሮዎቿ መካከል እስከ ጭራዋ ሥር ርዝመቷን ለኩ። ሁለቱንም በሜትር ጻፉት። ዙሪያውን በራሱ አባዙ፣ በርዝመቱ አባዙ፣ የመጣውን በ69.3 አባዙ። የድንቡሼ ዙሪያ 1.05፣ ርዝመቷ ልክ 1 ሜትር ነበር። 76 ኪሎ ይመጣል። ግምት ቢሆንም ለሐኪሙም፣ ለሚጭናትም፣ ለሚቀበላትም የሚጠቅም ቁጥር ነው።

ለምን ልሰጣት እንደተገደድኩ ልንገራችሁ። ሁለት ነገር አንድ ላይ መጣብኝ። ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆናት እንግዳ መጥላት ጀመረች። ለእኔ ሆዷን ለማከክ ትገለበጣለች፤ ሌላ ሰው ሲገባ ግን የጀርባዋ ጸጉር ይቆማል፣ ጭንቅላቷን ወደ ጎን ትወረውራለች። ያ ምልክት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ንክሻ ነው። አሳማ የመንጋ እንስሳ ነው። በመንጋው ውስጥ ማን ከማን እንደሚበልጥ መለየት ይፈልጋል። ሌላ አሳማ በሌለበት ቤት ይህን የሚሞክረው በሰው ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ በደካማው ላይ። ክፋት አይደለም። ብቻዋን ማሳደጌ ነበር ጥፋቱ።

ሁለተኛው ሕግ ነው። አሳማ በብዙ አገር በሕግ ፊት እንደ ውሻና ድመት አይታይም። የእርባታ እንስሳ ነው። እኔም በመኖሪያ ሰፈር እንደማይፈቀድ የሚገልጽ ደብዳቤ ከነቀን ገደቡ ደረሰኝ። ደብዳቤው አናዶኝ ነበር። በኋላ ምክንያቱ ሲገባኝ ንዴቴ በረደ። የአፍሪካ አሳማ ትኩሳት የሚባለው በሽታ ሰው ባይዝም ለአሳማዎች መድኃኒት የለውም፤ በጥቂት ቀን ብዙ አሳማ ይጨርሳል። በ2001 (እ.ኤ.አ.) ብሪታንያን ያመሰው የአፍና የእግር በሽታ የተነሳው በደንብ ያልተቀቀለ የምግብ ትርፍራፊ ከበሉ አሳማዎች እንደሆነ ይታመናል። እዚያ ዛሬ አንድ አሳማ ብቻ ያለው ሰው እንኳ መመዝገብ አለበት። ከግቢ አውጥቶ ለማንሸራሸርም ፈቃድ ይጠየቃል። ስለዚህ ከምንም በፊት የእናንተንም የተቀባዩንም አካባቢ ደንብ ጠይቁ። አሳማን ከቦታ ቦታ ለማንቀሳቀስ የጤና ወረቀት ወይም የደም ምርመራ ሊያስፈልግ ይችላል። ይህን የሚነግራችሁ የአካባቢያችሁ የእንስሳት ጤና ቢሮ ነው።

አሁን ወደ ስህተቴ። ቀኑ ሲጠብብኝ ማስታወቂያ አወጣሁ። የለጠፍኩት ፎቶ ግልገል ሳለች የተነሳችውን ነው፤ ታምር ነበርና። ከሥሩ "በነጻ፣ ለጥሩ ቤተሰብ" ብዬ ጻፍኩ። ስልኬ እረፍት አጣ። አንዱ ስሟን እንኳ ሳይጠይቅ "ወፍራም ናት?" አለኝ። ሌላው ስንት ኪሎ እንደሆነች ጠይቆ ወዲያው ልምጣ አለ። ለምን እንደፈለጓት ቆይቶ ነው የገባኝ። "በነጻ" የሚለው ቃል ቀድሞ የሚጠራው ለማረድ ወይም አትርፎ ለመሸጥ የሚፈልገውን ነው። ትንሽም ቢሆን ክፍያ ጠይቁ። ገንዘቡን ካልፈለጋችሁት ለመጀመሪያው መኖ ይሁናት። ክፍያው ወንፊት ነው።

ከደወሉት መካከል ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት ነበሩ። ደጎች ናቸው፤ ዛሬም ደጎች ነበሩ ነው የምለው። ቅዳሜ መጡ፣ ድንቡሼን አከኩላት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይዘዋት ሄዱ። እንግዳ እንደምትተናኮል አልነገርኳቸውም። "ቦታ ስትቀይር ይተዋት ይሆናል" ብዬ ራሴን አታለልኩ። ከነገርኳቸው እንደማይወስዷት ግን በልቤ አውቄው ነበር።

በሰባተኛው ሳምንት ሴትየዋ ደወለች። "እህቴ፣ ነይና ውሰጃት። አንድ ዘመዳችንን ነክሳዋለች። ልጆቹ ከቤት መውጣት ፈርተዋል።" በነጋታው ሄድኩ። የሲሚንቶ ወለል ባለው ዕቃ ቤት ውስጥ ዘግተውባት ነበር። ሣር የለ፣ ጭድ የለ። የፊት እግሮቿ ክርን ተልጦ ቆስሏል። በሩ ሲከፈት አልተነሳችም። ድምፄን ስትሰማ አፍንጫዋን ወደ ላይ አንስታ አየሩን አሸተተች፣ ከዚያ ቀስ ብላ አጉረመረመች። ሰዎቹን አልወቀስኩም። ሳይዘጋጁ አደገኛ ነገር ቤታቸው ያስገባሁት እኔ ነኝ። የተነከሰውን ሰው ሄጄ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ማስተላለፍ የምፈልገው ይህንን ነው። የእንስሳችሁን ክፉ ጠባይ ብትደብቁ ጠባዩ አይጠፋም። ከእናንተ ጋር የነበረው ችግር ወደማያውቅ ሰው ቤት ይዛወራል። እውነቱን ስትናገሩ አብዛኛው ሰው ይሸሻል። ይሽሽ። የምትፈልጉት እውነቱን ሰምቶ ያልሸሸውን ነው።

ሁለተኛውን ፍለጋ በጥድፊያ አልጀመርኩም። ከከተማ ወጣ ብላ የምትኖር፣ ለማቆየት ፈቃድ ያላት አንዲት ጓደኛዬ ግቢዋን ለጥቂት ወራት ሰጠችኝ። መጠለያዎችም ጋ ደወልኩ። ሁሉም ሞልተዋል። አትቆጧቸው፤ እንደ እኔ ያለ ሰው በየቀኑ ነው የሚደውልላቸው። "ቦታ ከሌላችሁ ማስታወቂያዬን ብቻ አጋሩልኝ፣ መኖውንም የሐኪሙንም እኔው እችላለሁ" ስላቸው ግን ሁለቱ ረድተውኛል። አንድ ነገር አደራ፦ ጫካ ወስዳችሁ አትልቀቁ። ሰው ቤት ያደገ አሳማ ወይ በረሃብ ይሞታል፣ ወይ ዱር ለዱር እየተራባ የሰው እርሻ ያጠፋል።

በዚያ ጊዜ ውስጥ ያደረግኩት ትልቁ ነገር እሷን ማስመከን ነው። ያልመከነች ሴት አሳማ በየ21 ቀኑ ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ ይመጣል። ያኔ ትነጫነጫለች፣ አጥር ትሰብራለች፣ ትነክሳለች። ዕድሜዋ ሲገፋ ደግሞ የማህፀን ዕጢ በብዛት ይታያል። የድንቡሼ ቁጣ ግማሹ ከዚህ እንደነበር ያወቅኩት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ስትረጋጋ ነው። አሳማን ማደንዘዝ ልምድ ይጠይቃል፤ አሳማ አክሞ የሚያውቅ ሐኪም ፈልጉ። ወንድ ከሆነ ማኮላሸት ግድ ነው። ያልተኮላሸ ወንድ ሽታው አይቻልም፣ ክራንቻው ያድጋል፣ ቤት የሚሰጠው ሰውም አታገኙለትም። ከተኮላሸ በኋላም ለተወሰኑ ሳምንታት ማስረገዝ ስለሚችል ከሴት ለይታችሁ አቆዩት። ሰኮናዋም ተቆረጠ፣ ክትባቷም ተሟላ፣ ማንነቷ የሚታወቅበት ቺፕ ከቆዳዋ ሥር ገባላት። ሁሉም ወረቀት በአንድ አቃፊ ተቀመጠ።

ከዚያ አዲስ ማስታወቂያ ጻፍኩ። የዚያኑ ሰሞን ፎቶዋን ነው የለጠፍኩት፤ መጠኗ እንዲታይ እኔ አጠገቧ ቆሜ። ጽሑፉ እንዲህ ይል ነበር፦ "ድንቡሼ እባላለሁ። አራት ዓመት ሆኖኛል፣ 76 ኪሎ እመዝናለሁ። መክኛለሁ፣ ተከትቤያለሁ። የማውቀውን ሰው እወዳለሁ፤ የማላውቀውን ሰው ነክሼ አውቃለሁ። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት አልሆንም። ሌላ አሳማና የምፈነቅለው አፈር ያለበት ግቢ እፈልጋለሁ። ክፍያ አለ፤ ቤታችሁንም መጥተን እናያለን።" መጀመሪያ እረፍት አጥቶ የነበረው ስልኬ፣ አሁን በሦስት ሳምንት አራት ጊዜ ብቻ ጠራ። ልቤ ጨነቀው። ነገር ግን አራቱም ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻ አንብበው የደወሉ ነበሩ።

ለተቀባይ የምታቀርቡት ጥያቄ ብዙ ነው፤ እኔ ከሁሉም የማስቀድመው አጥርን ነው። አሳማ አብዛኛውን ጊዜ አጥር አይዘልም፣ ከሥር ገብቶ በአፍንጫው ያነሳዋል። ስለዚህ ቁመቱን ሳይሆን ከታች እንዴት እንደተያዘ ጠይቁ። ከዚያ ጥላና ጭቃ። አሳማ ላቡ ሰውነቱን ለማቀዝቀዝ አይበቃውም፤ ነጣ ያለ ቆዳ ያለው ደግሞ ፀሐይ ያቃጥለዋል። ጭቃው ማቀዝቀዣውም መከላከያውም ነው። ውኃ አንድ ቀን እንኳ መጥፋት የለበትም፤ ውኃ ሲጠማው በሰውነቱ ያለው ጨው አእምሮውን ይጎዳዋል፣ ይጥለዋል። ሊያበሏት ያሰቡትን ጠይቁ። "የተገኘውን" ካሉ አስረዷቸው። ለሥጋ የሚደለብ አሳማ መኖ ለእሷ አይሆንም። ከመጠን በላይ ስትወፍር የግንባሯ ስብ ዓይኗን ይሸፍንና ማየት ያቅታታል። ውሻ ካለም ጠይቁ። ውሻ አዳኝ ነው፣ አሳማ ታዳኝ ነው። ለዓመታት ተስማምተው ኖረው በአንድ ቀን ጠብ ጆሮዋ የተቀደደ አሳማ በዓይኔ አይቻለሁ። ብቻቸውን አይተዉ።

ቤቱ ድረስ ሂዱ። ፎቶ አይበቃም። ሳትሄዱ አትስጡ።

ከአራቱ ደዋዮች ሦስተኛው አንድ ጡረታ የወጡ አረጋዊ ነበሩ። ሁለት የተኮላሹ አሳማዎች አሏቸው፤ እነሱንም ሰው ሲጥላቸው ነው የወሰዱት። እኔ ልጠይቃቸው ተዘጋጅቼ እሳቸው ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ ስትቆጣ ቀድማ የምታደርገው ምንድን ነው?"

"ጸጉሯ ይቆማል ጋሼ። ከዚያ ጭንቅላቷን ትወረውራለች።"

"ማንን ነክሳለች?"

ነገርኳቸው። ሁሉንም። ዕቃ ቤቱንም፣ መደበቄንም። ዝም ብለው ሰሙኝ። "እንግዳ ቤቴ ሲመጣ የት እንደማስገባት ካወቅኩ ይበቃኛል" አሉ። ግቢያቸው ሄጄ ሳይ እውነትም ለዚህ የሚሆን ሁለት በር ያለው በረት ነበር። የሐኪማቸውን ስልክ ሳልጠይቃቸው ሰጡኝ። የአካባቢው ፈቃድም ነበራቸው። የልቤን ያደረሰው ግን ያ ጥያቄያቸው ነው። ስለ እንስሳው ጥያቄ የሌለው ሰው ወይ ያውቃል ብሎ ያስባል፣ ወይ ግድ የለውም።

ከዚያ አንድ ገጽ ውል ተፈራረምን። እንዳትታረድ፣ ለሌላ ሰው እንዳትተላለፍ። ማቆየት ካቃታቸው ደግሞ በማንኛውም ጊዜ ለእኔ እንዲመልሷት። የመጨረሻዋን መስመር አትርሱ። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ያንን መስመር ፈርመው ቢሆን በሁለተኛው ሳምንት ይደውሉልኝ ነበር እንጂ ዕቃ ቤት አይዘጉባትም ነበር ብዬ አስባለሁ።

የመጫኛዋ ቀን ጠዋት ገና ሳይሞቅ ጀመርን። ከመንገድ በፊት ቁርስ አልሰጠኋትም፤ አሳማ መኪና ውስጥ ያቅለሸልሸዋል፣ ያስመልሰዋል። መወጣጫው ጣውላ እንዳያንሸራትት ምንጣፍ አነጠፍንበት። ድንቡሼ ግን እግሯን አላነሳ አለች። ዱባ አሳየኋት፣ ፖም አሳየኋት። እስከ ጣውላው ጫፍ ትመጣና ትተክላለች። ሾፌሩ ከኋላ ሊገፋት ሲሞክር ግቢውን የሚያናውጥ ጩኸት ለቀቀች። አሳማ ሲገፉት ወደ ኋላ ነው የሚገፋው፤ አንስቼ ልያዝህ ሲሉት ደግሞ የሚሞት ያህል ይጮኻል። አረጋዊው እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ትንሽ ተመለከቷትና "ውስጡ ጨለማ ሆኖባት ነው" አሉ። የእጅ ባትሪ ከመኪናው ጥግ ላይ አስቀመጡ። ከኋላዋ ሰፊ ጣውላ ይዘው ቆሙ፤ ሳይገፉ፣ መመለሻውን ብቻ ዘግተው። ሁላችንም ዝም አልን። አንድ ደቂቃ ያህል አሸተተች። ከዚያ የፊት ሰኮናዋ ጣውላው ላይ "ቋ" ሲል ሰማሁ። ሌላኛው ተከተለ። ራሷ ወጣች፣ ዞረች፣ ጭዱ ላይ ተኛች። በሩ ሲዘጋ ነው ያለቀስኩት።

እዚያ ስትደርስ ወዲያው ከሁለቱ ጋር አልቀላቀሏትም። ለአሥር ቀን በአጥር ተለያይተው ተሻተቱ። ሲገናኙ ተጣሉ። መጣላታቸው አይቀርም። ትከሻ ለትከሻ ተገፋፉ፣ ጆሮዋ ተጫረ። አረጋዊው ጣውላቸውን ይዘው ከዳር ቆመው ነበር። ደም ከበዛ ወይም አንዱ መሸሻ ካጣ ነው መሃል የሚገባው፤ ካልሆነ ጠቡን እነሱ ይጨርሱት። ድንቡሼ ተሸነፈች። በሦስተኛው ቀን ከትልቁ ጎን ተጣብቃ ተኝታ ፎቶዋ መጣልኝ። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበልጣት አሳማ አገኘች። ከዚያ በኋላ እንግዳ መተናኮሏም ቀነሰ። አልጠፋም፤ ቀነሰ።

ሌላም ልጨምር። ባለፈው ጊዜ አንድ ቤተሰብ ወንድምና እህት ግልገሎች ገዝተው "ወንድምና እህት ናቸው፣ ምን ያደርጋሉ?" ብለው አብረው አሳደጓቸው። አሳማ ዝምድና አይቆጥርም። ወንዱ በሦስት ወሩ ገደማ ማስረገዝ ይችላል። እርግዝናው 114 ቀን ነው። የሰዎቹ ሁለት አሳማዎች በአንድ ጠዋት ዘጠኝ ሆኑ። ለሁሉም ቤት ለማግኘት ዓመት ፈጀብን። ቤት እየፈለጋችሁ ከሆነ የመጀመሪያውን ጥሪ ከመመለሳችሁ በፊት ወንድና ሴቱን ለዩ። አብረው ያደጉና የተስማሙ ጥንዶች ካሏችሁ ደግሞ፣ ከመከኑ በኋላ፣ አንድ ላይ ለመስጠት ሞክሩ። ጊዜ ይወስዳል እንጂ ተቀባይ ይገኛል።

ድንቡሼን በየሦስት ወሩ እጠይቃታለሁ። የሄድኩበት መጀመሪያ ቀን ስጠራት ሮጣ ትመጣለች ብዬ ነበር። ጭንቅላቷን ቀና አደረገች፣ አሸተተች፣ አጉረመረመች፣ ተመልሳ ከትልቁ ጎን ተኛች። አጥሩ ሥር ተቀምጬ ትንሽ አየኋቸው። አረጋዊው ሜትራቸውን ይዘው መጡና አብረን ለካናት። ዙሪያዋ 1.02 ሆኗል። 72 ኪሎ። "አራት ኪሎ ጥላለች፣ ልጄ" አሉኝና ቁጥሩን ከበረቱ በር ጀርባ በጠመኔ ጻፉት።